ኪኒኑን በድንገት አያቋርጡ

ለመተኛት የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቶልኛል። መጋረጃው ተዘግቷል፣ ጫማዬ ወልቋል፣ ሌሊቱን የእንግዳ ማረፊያውን በር ስጠብቅ ስላደርኩ ድካምም አላነሰኝም፤ የጎደለው እንቅልፉ ብቻ ነው፣ እሱም ይመጣል፣ ሕሊናው ንጹሕ የሆነ ሰው እንቅልፍ አያጣም ይባላል፣ እኔም ጣሪያውን እያየሁ እየጠበቅኩት ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው። ቦሎኛ ከመስኮቴ ማዶ ምሳዋን ትበላለች፣ የሹካው ድምፅ ይሰማኛል። ደረቴ ላይ የእህቴ የጽጌማርያም ደብዳቤ አለ፣ ስተነፍስ ከፍ ዝቅ ይላል። «ደስ ይበልህ ጸጋይ፣ አባባ ያንን የላክህለትን የደም ብዛት ኪኒን ካቆመ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው፣ ማዞሩም ተወው፣ እግሩም ሞቀ፣ ዕድሜ ላንተ ደብዳቤ» ይላል። ዕድሜ ለእኔ ደብዳቤ። ይህ ወረቀት ከፒያሳ ተነስቶ እኔ ደረት ላይ እስኪያርፍ ሃያ ሦስት ቀን ፈጅቶበታል። አሥራ አንድና ሃያ ሦስት ሠላሳ አራት። ከታች ወደ ላይም ደመርኩት፣ ያው ሠላሳ አራት ነው። በኪኒኑ ሳጥን ውስጥ ያለውን ወረቀት ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የመለስኩላቸው እኔ ነኝ። ምንም አልደበቅኩም፤ ኪኒኑ ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት ሁሉ ተራ በተራ ጻፍኩ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀረችብኝ። ኪኒኑን በድንገት አያቋርጡ፣ ለሕይወት ያሰጋል፣ የምትለው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የስልክ ቀጠሮ አለኝ። ከትናንት ወዲያ ተመዝግቤ ሦስት ደቂቃ ተሰጥቶኛል፣ ጥሪው እንደሚመጣም ለሱቁ ተነግሯል። እዚህ ዘጠኝ ሲሆን እዚያ አሥራ አንድ ነው፣ የምደውልበት ባለሱቅ ጋሽ ሲራጅ ገና ሱቃቸውን አይዘጉም። ዓረፍተ ነገሯን አሥር ጊዜ ብላት እንኳ ደቂቃ አትሞላም፣ ለክቻታለሁ። እስከዚያ ተኛ፣ ጸጋይ። ተኝተህ ብትነሳ ድምፅህ ይጠራል።

አባቴ አቶ መብራህቱ መካኒክ ነው። ነው ልበል። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ላይ ባለ አንድ የጣሊያን ጋራዥ ሠላሳ ዓመት ሠርቷል፣ ጋራዡ ሲወረስ እሱም አብሮ ተወረሰ። ጣሊያንኛ ያውቃል፣ የሚያውቀው ግን ከኮፈን ሥር ያለውን ጣሊያንኛ ነው፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ። ከዚያ ውጭ በአማርኛ ይነግዳል፣ በትግርኛ ይጸልያል፣ ሲቆጣም ሲወደኝም «ወደይ»፣ ልጄ፣ ይለኛል። በሰባ ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ አፍንጮ በር ካለው ቤታችን ታናሽ ወንድሜን ተስፋማርያምን ወሰዱት። «ጫማዬን ልሰር» አላቸው። «አያስፈልግም» አሉት። እኔ ያኔ ትሕትና መስሎኝ ነበር፣ ሩቅ አይወስዱትም ማለት ነው ብዬ። በሦስተኛው ሳምንት የቀበሌ ስብሰባ ተጠራና «በአካባቢያችን ርምጃ የተወሰደው በጥቂት ግለሰቦች ላይ ብቻ ነው» ተባለ፣ ተጨበጨበ። አባባም አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ፤ በጭብጨባ በኩል ቤተሰባችን ነቀፌታ የለበትም። ማልቀስ ተከልክሎ ነበር፣ አላለቀስንም። ድንኳንም አልተጣለ። ከዚያ ወዲህ ነው አባባ ጠዋት ጠዋት ራሴን ይወቅረኛል ማለት የጀመረው። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ሐኪሙ ለካውና «አባቴ፣ ደም በዝቶብዎታል» አለው። አባባ በሩን ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የማን ደም?» አለ።

እኔ ስድስት ኪሎ አራት ዓመት ተምሬ በአንድ መሥሪያ ቤት ሰርኩላር አርቃቂ ነበርኩ፣ ጥሩ አርቃቂ። በሰባ ሁለት ለአጭር ሥልጠና ወጣሁና በዚያው ቀረሁ፣ ሥልጠናው ገና አላለቀም እላለሁ ሰው ሲጠይቀኝ። አባባ አየር ጣቢያ አልመጣም፣ ጎማ እቀይራለሁ አለ። የምን ጎማ? ጋራዡ ከተወረሰ ስንት ዓመቱ። እዚሁ አልጋ ላይ ሆኜ አየዋለሁ፣ ክሪክ አስገብቶ የማንም ያልሆነ መኪና ያነሳል፣ ጎንበስ አትበል እለዋለሁ፣ ጎንበስ ስትል ይጨልምብሃል፣ አይሰማኝም፣ የሚሰማኝ የቦሎኛ ሹካ ነው።

ኪኒኑ ፒያሳ ውስጥ አንድ ጊዜ ከተገኘ ሦስት ጊዜ «አልቋል» ነው። አባባ ባዶውን ሳጥን በኮቱ የውስጥ ኪስ ይዞ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ይዞራል፤ እንደ መታወቂያ ነው የሚያሳየው ብላ ጽጌ ጽፋልኝ ነበር። አንዱ ጋ «ይሄ የለም፣ ወንድሙ ግን አለ» ተባለ። ወንድሙን ተቀበለ። ወንድሙ ከሶሻሊስት አገር የመጣ ነው፣ ሳጥኑ ላይ ያለው ፊደል ግማሹ ወንበር ይመስላል፣ ግማሹ መሰላል። ቡልጋሪያ ሄዶ የትምባሆ ልማት ተምሮ የተመለሰ የሠፈር ልጅ ተጠራ፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አውጥቶ ብዙ ካየ በኋላ «ይቺ ውሃ ማለት ናት፣ የቀረው ሳይንስ ነው» አለ። ጋሽ ሲራጅ ደግሞ አሉ። ጋሽ ሲራጅ ድልድዩ አጠገብ ሱቅ ያላቸው የወሎ ሰው ናቸው፣ የአባባ ጓደኛ፤ የኛ ስልክ ማለት የእሳቸው ሱቅ ስልክ ነው። እሳቸውም ደም ብዛት አለባቸው፣ የሚውጡት ግን ሲናደዱ ብቻ ነው፣ ለአባባም ይህንኑ አዘዙለት፤ «ሳትናደድ ምን ያደርግልሃል መብራህቱ? ብክነት እኮ ነው።» ይህ ከመካኒክነት ጋር ተስማማ። ራዲያተር ውሃ የሚጨመርለት ሲግል ነው። አባባ ጠዋት ግንባሩን በመዳፉ ይነካል፣ ካልጋለ አይውጥም። ይህን ሁሉ ጽጌ በስልክ ስትነግረኝ መስመሩ ላይ ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ እሷ፣ እና የሚያዳምጠን ሰውዬ። ያ ሦስተኛው አነጠሰ። «ይማርህ» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነው የተውኩት። እሱ እንኳ ስለ ኪኒኑ ከእኛ የተሻለ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ጣልቃ ገብቶ በነገረን።

እዚህ ደግሞ ኪኒኑ ሞልቷል፣ ያለ ማዘዣ ግን አይሸጥም። ሐኪምም ያላየውን ሰው አያክምም። ምክንያታዊ ነው፣ ተቃውሞ የለኝም። ሊታይ የሚችለው ሰው እኔ ስለሆንኩ እኔው ታመምኩ። ሐኪሟ አሮጊት ናቸው፣ መነጽራቸው በገመድ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። «ምንህን ነው?» «ጠዋት ጠዋት ራሴን ይወቅረኛል፣ ጆሮዬ ውስጥ ይነፋል፣ ጎንበስ ስል ይጨልምብኛል።» «ዕድሜህ?» «ስልሳ ሦስት።» ቀና ብለው አዩኝ። «ሠላሳ አንድ» አልኩ። ለኩኝና «ልጄ፣ አንተ ከእኔ በኋላ ነው የምትሞተው፣ ሂድ» አሉኝ። በሳምንቱ ስምንት ሲኒ ቡና ጠጥቼ ደረጃውን በሩጫ ወጥቼ ገባሁ። አሁንም ደህና ነህ አሉኝ፤ ጤንነት እንዲህ አሳፍሮኝ አያውቅም። በሦስተኛው ክንዴን አስረው እየነፉ «ለማን ነው?» አሉኝ። መናገር ጀመርኩ። ስለ ጋራዡ ተናገርኩ፣ ስለ ባዶው ሳጥን ተናገርኩ፣ የተስፋማርያም ጫማ ላይ ስደርስ የመለኪያው ቀስት ወጣ፣ ወጣ፣ እሳቸውም ዝም ብለው ያዩታል፣ «ይኸው፣ መጣልህ» ብለው ጻፉልኝ። በስሜ። ከዚያ አንጓዬን ጨብጠው «በየወሩ ይለካ። ደግሞ ስማኝ፤ አንዴ ከጀመረ በድንገት እንዳያቆም። ማቆም ካለበት ቀስ በቀስ» አሉኝ። ገባኝ አልኳቸው። ደግሞም ገብቶኝ ነበር። በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ በኋላ ወረቀቱ ላይ በዓይኔ አንብቤአለሁ፤ እንግዲህ አላወቅኩም የሚል መከላከያ የለኝም፣ ፋይሉ ሙሉ ነው።

ኪኒኑ በሰው እጅ ሄደ፣ ደረሰ፣ እሰይ ተባለ። ሁለት ሳጥን፣ የስድስት ወር። አባባ በየቀኑ እየዋጠው ነው፣ ተብሎ ተጻፈልኝ፣ ልጄ የላከው ነው እያለ፤ ግንባሩን መንካትም ትቷል። ሁለት ወር ሙሉ በሥርዓቱ ዋጠ። ያቺን ሁለት ወር እንዴት ተኝቻለሁ! ቀጥሎ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ አባባ የሳጥኑን ወረቀት እኔ አነባለሁ ብሎ በኮፈን ጣሊያንኛው እያነበበ ነው፣ ነፋሱ እንደ ጎማ ይለካ ይላል፣ ከዘይት ጋር አይደባለቅ ይላል፣ ወጥ መብላት ሊተው ነው፣ እባክህ ትክክለኛውን በአማርኛ ጻፍልን፣ አለች ጽጌ። ደስ አለኝ። ልደብቅ አልችልም፣ በጣም ደስ አለኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ቁልፍ ስሰጥና ቁልፍ ስቀበል ከርሜ አንድ ሰው ጽሕፈቴን ፈለገ። ከእግረኛ መንገድ መዝገበ ቃላት ገዛሁ። አራት ቀን ሠራሁ። የተከበረ አማርኛ ይገባዋል አልኩ፣ መድኃኒት ነውና፣ የማውቀው የተከበረ አማርኛ ደግሞ የሰርኩላር ነው። «ይህን መድኃኒት በመውሰድ ላይ በሚገኙ ጥቂት ግለሰቦች ላይ፣ ማለትም ከሺህ በአንድ ሰው ላይ፣ የሚከተሉት ሁኔታዎች ሊከሰቱ እንደሚችሉ ታውቋል።» እንዴት ያለ ዓረፍተ ነገር ነው! ጣሊያንኛው ይህ ግርማ የለውም። ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ ቆሜ።

ደብዳቤው የተነበበው ጋሽ ሲራጅ ሱቅ ውስጥ ነው። ጽጌ ሁሉንም ጽፋልኛለች፣ ትኩስ ትኩሱን፣ ደስ ስላላት። ስኳር የመጣ ዕለት ነው፣ ሰልፉ እስከ ድልድዩ ደርሷል፣ የጋሽ ሲራጅ ልጅ ዐፊፋ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ እንደ ሬዲዮ ታነባለች፣ ሰልፈኛው ቀርቦ ያዳምጣል። ራስ ማዞር፣ ስትል «እውነት ነው» አለ አንዱ፣ ኪኒኑን አይቶት የማያውቅ። የእጅና የእግር መቀዝቀዝ፣ ስትል እትዬ ዓለምጸሃይ ጎረቤታችን ደነገጡ፤ «ኧረ እኔም ቀዝቅዞኛል!» «እርስዎን የቀዘቀዘዎት ሰልፉ ነው» አሏቸው ጋሽ ሲራጅ። ቅዠት። የልብ ምት መዘግየት። የትንፋሽ ማጠር። በከፋ ሁኔታ ራስን መሳትና ሞት። ጋሽ ሲራጅ የስኳሩን ማንኪያ አቆሙ፤ «ወላሂ ይሄ መድኃኒት ነው ወይስ የክስ ወረቀት?» ሰው ሳቀ። አባባ አልሳቀም። «ያቺን ከላይ ያለችውን ድገሚልኝ እስኪ ዐፊፋ» አለ። ደገመችለት። ጥቂት ግለሰቦች ላይ፣ ከሺህ አንድ ሰው። «ከሺህ አንድ ምን አላት መብራህቱ፣» አሉ ጋሽ ሲራጅ፣ «ሎተሪ ስንት ዓመት ቆረጥክ፣ ደርሶህ ያውቃል?» አባባም «ሎተሪው አልደረሰኝም» አለ። «ጥቂት ግለሰቦች የሚሉት ግን እኛን ነው። ባለፈውም እኛ ነበርን።» ሰልፈኛው ወደ መንገዱ አየ፣ ማን ሰማ ብሎ፣ ስትል ጽፋለች። አባባ ሳጥኑን ከኪሱ አውጥቶ አየው፣ ቤት ሄዶ ቁምሳጥን አናት ላይ አስቀመጠው። «ልጄ እውነቱን ባይጽፍልኝ ኖሮ» እያለ እስከ ዛሬ ይመርቅሃል።

ይመርቀኛል። ጎኔን ልቀይር። ስለ ኪኒኑ የጻፍኩት ሁሉ ትክክል ነው፣ አንድም ስሕተት የለበትም፣ ማንም መጥቶ ከመነሻው ጋር ሊያመሳክር ይችላል። ከሺህ አንድ ማለት ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙ ይድናሉ ማለት ነው፣ ይህን ሒሳብ ግን እኛ ቤት ማን ያሰላዋል? የቆጣሪው ጣት የት ቤት ላይ እንደሚያርፍ ያየ ሰው ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙን ምን ያደርጋቸዋል? ሲተኛ የሚያስታውሰው አንዱን ነው። ይህን ማወቅ ነበረብኝ፣ እኔ የሌላ አገር ሰው አይደለሁም፣ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። እሺ፣ ይህ ይቅር። ያቺን ዓረፍተ ነገር ብጽፋት ኖሮ ግን አባባ ያከብራት ነበር። የፍሬን ሰው ነው። ቁልቁለት ላይ ያለ መኪና ማርሹ በድንገት አይወጣም፣ ይህን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። «በድንገት» የምትለዋን ቃል ብቻ ቢያያት ይበቃው ነበር።

ለምን እንዳልጻፍኳት ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ማንም አልጠየቀኝም፣ መልስ አለኝ። ቦታ አልነበረም። ኤሮግራም ሰማያዊ አንድ ቅጠል ነው፣ ታጥፎ ራሱ ፖስታ ይሆናል፣ ሌላ ወረቀት ከጨመሩበት ይመለሳል። አራት መስመር ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ ይህን ትቶ ደብዳቤ የሚጀምር ባለጌ ነው። አንድ መስመር ኢትዮጵያ ትቅደም አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት፣ ለእኔ ሳይሆን ከፍቶ ለሚያነበው ሰውዬ፣ ቤተሰቦቼ እዚያ ናቸውና። ከዚያ ወረቀቱ፣ ጉዳት ተራ በተራ፣ በጠባብ ጽሕፈት። መጨረሻ ላይ ሦስት ጣት የምታህል ቦታ ቀረች። ሰላምታ ግን ገና ነው! ጋሽ ሲራጅን ከነቤተሰባቸው፣ ዐፊፋን ለብቻ ምክንያቱም አንባቢዋ እሷ ናት፣ የንስሐ አባታችንን መምሬ ለተክርስቶስን፣ ጓድ ገብረዮሐንስን ምክንያቱም የቀበሌው ሊቀመንበር ናቸው፣ ሰላም ያላሉት ሊቀመንበር ደግሞ ሰላም አይሰጥም። እትዬ ዓለምጸሃይን። ባለፈው ዓመት እሳቸውን ረስቼ «እኔ ለመብራህቱ ልጅ ሞቼአለሁ» ብለው ሁዳዴን ሙሉ ጽጌን አኮረፏት፣ ውሃ እንኳ አላስቀዷትም። አሥራ አንድ ስም ሆነ። ሦስት ጣት ላይ አሥራ አንድ ስም ወይም አንዲት ዓረፍተ ነገር። በእጄ እስክሪብቶ ይዤ አሰብኩ፣ የተደራጀ አሳብ ነው ያሰብኩት፣ በሚቀጥለው ኤሮግራም መጀመሪያ ላይ አሰፍራታለሁ አልኩ፣ ሰዎቹን ግን ማስቀየም አይገባም። አሥራ አንዱንም ሰላም አልኩ። ማንም አልተረሳም። በሚቀጥለው ሳምንት ኤሮግራም አልገዛሁም፣ በጻፍኩት ረክቼ ነበር፣ የረካ ሰው ደግሞ አይጽፍም። ዛሬ ያ ደብዳቤ እጄ ቢገባ ከእነዚያ አሥራ አንድ ሰላምታዎች የትኛውን እንደምሰርዝ አሁንም አላውቅም። ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። እትዬ ዓለምጸሃይን አልሰርዝም።

ስምንት ተኩል ሆኗል። ተነሳሁ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለበስኩ፣ በስልክ እንደማይታይ አውቃለሁ። የስልክ ቤቱ ሰፊ አዳራሽ ነው፣ በግድግዳው ዙሪያ ቁጥር ያላቸው ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፣ ስም ሲጠራ ሰው ሮጦ ይገባል፣ በመስታወቱ ውስጥ እጁን እያወናጨፈ ሲስቅ ይታያል። ዓረፍተ ነገሯን በወረቀት ይዣለሁ። የተጠራሁት ዘጠኝ ከሩብ ላይ ነው፣ «አዲስ አበባ፣ አራት ቁጥር!» ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ባሕር የሚመስል ድምፅ፣ ከዚያ ጋሽ ሲራጅ።

«ሃሎ።»

«ጋሽ ሲራጅ፣ ጸጋይ ነኝ፣ ከጣሊያን።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «አንተ ፓስታ፣ አለህ?» ብለው ይጮሁ ነበር፣ «ቶሎ በል፣ እኔ እዚህ ስኳር የሚጠብቅ ሕዝብ አለብኝ!» አሁን አልጮሁም።

«ጸጋይ» አሉ። «ደህና ነህ ልጄ? ምሳ በልተሃል?»

«በልቻለሁ። ጋሽ ሲራጅ፣ አባባን በቶሎ ይጥሩልኝ፣ ሦስት ደቂቃ ነው ያለኝ።»

«ማን አለ እዚያ ካንተ ጋር? አጠገብህ ሰው አለ?»

ዞር ብዬ አየሁ። አራት ቁጥር ውስጥ አንድ ወንበርና አንድ የሲጋራ መተርኮሻ አለ። «ማንም የለም» አልኩ፣ እውነት ስለሆነ። ከዚያ የጠየቁኝ ምን እንደሆነ ገባኝ። እኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። መርዶ በማለዳ ነው፣ ሰው ተሰብስቦ ይመጣል፣ ግራና ቀኝ ይይዙሃል፣ የሚያስቀምጡህ አሉ፣ ውሃ የሚያቀርብ አለ፣ ከዚያ ነው የሚነገርህ። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፣ ነውር ነው፣ ጭካኔ ነው። የሚይዘው ሰው እስኪገኝ ሁሉም ደህና ነው ይባላል።

«የአገር ልጅ፣ ጎረቤት፣ የሆነ ሰው የለም?»

«የለም፣ ጋሽ ሲራጅ። አባባስ?»

«አብሽር፣ አባትህ ደህና ነው። ጠበል ወርዷል።»

«የት?»

«ኪዳነምሕረት።»

«ጽጌስ?»

«እሷም አብራው፣ ማርያም።»

ሙስሊም ናቸው፣ ስሞቹን ያደባልቃሉ፣ አልፈረድኩባቸውም። ከኋላቸው ምንም ድምፅ የለም። ሰልፍ የለም፣ ዐፊፋ የለችም፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድልድዩ አጠገብ ያ ሱቅ እንዲህ ዝም ብሎ አያውቅም። ሁሉም የት ሄዱ? እኛ ቤት ናቸው፣ አፍንጮ በር፣ ድንኳን ሥር፣ በዚህኛው መቼም መጣል ተፈቅዷል፣ ጋሽ ሲራጅ ለእኔ ስልክ ብቻ ብለው መጥተው ከፍተዋል። አባቴ ሞቷል። ማንም አይነግረኝም፣ ሰው የለኝምና፤ ሰው እስካገኝ ድረስ ዓመትም ቢሆን ጠበል ላይ ነው። ስለ ኪኒኑ እኔ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ምንም ሳልደብቅ፣ እስከ ሞት ድረስ። እነሱ ደግሞ ይህን ሊነግሩኝ አልጨከኑም። የማን ፍቅር ይበልጣል ብዬ ለማመዛዘን ሞከርኩ፣ ጊዜ ግን የለኝም፣ አንዱ ደቂቃ አልቋል።

«ጋሽ ሲራጅ፣» አልኩ፣ «አንድ ነገር ይጻፉልኝ። ለአባባ። ስለ ኪኒኑ ነው።»

ይቅርብህ ልጄ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ቆይ» አሉ። «እስክሪብቶ ላምጣ።» መሳቢያ ተከፈተ። የስኳር መጠቅለያ ወረቀት ሲቀደድ ሰማሁ። «እሺ፣ በል።»

«ኪኒኑን በድንገት አያቋርጡ።»

«ኪኒኑን... በድንገት... አያቋርጡ።»

«ለሕይወት ያሰጋል።»

«ያሰጋል። እሺ።»

«ማቆም ካስፈለገ በሐኪም ምክር፣ ቀስ በቀስ።»

«ቀስ በቀስ።» ከሥሩ አሰመሩበት መሰለኝ። «ቀስ በቀስ፣ ብያለሁ። ላንብብልህ?»

«ያንብቡልኝ።»

ከመጀመሪያው ጀምረው አነበቡልኝ፣ አንድ ቃል ሳይስቱ፣ ልክ ዐፊፋ እንደምታነበው። መስመሩ ውስጥ የጣሊያን ሴትዮ ገብታ ሠላሳ ሰከንድ ቀረ አለች። ጋሽ ሲራጅ ጣሊያንኛ አያውቁም፣ ግን ፈጠን አሉ።

«ጸጋይ፣ አንድ ነገር አልነገርከኝም፣» አሉ። «ከምግብ በፊት ነው በኋላ?»

«በኋላ ነው፣ ጋሽ ሲራጅ።»

«በኋላ» እያሉ ሲጽፉ ሰማኋቸው።